ጎሚስታ በጆሮ የሚነግረው

ይህችን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ ጎማ የሚሸጡ ወዳጆቼ ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል። ጎማ ልትገዙ ስትገቡ መጀመሪያ ጥርሱን አትዳስሱ። ነጋዴው ጥርሱን እንድታዩለት ይፈልጋል፤ ወፍራም ጥርስ ዓይን ይሞላል። እናንተ ጎማውን አዙሩና ጎኑ ላይ፣ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ የተቀመጡትን 4 አኃዞች ፈልጉ።

3517 ይላል እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፦ የ2017 35ኛ ሳምንት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። 2017ቱ የፈረንጅ ነው። ጎማው ከፋብሪካ የወጣው በእኛ ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ሱቅ የገባ ገዢ ግን 17ን ሲያይ የዘንድሮ ይመስለዋል። «አየህ፣ የዘንድሮ ነው፣ ቁጥሩ ይኸው» ሲባል ቆሜ ሰምቻለሁ። ገዢው አመስግኖ ከፈለ፤ ዕድሜው 8 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጎማ ጭኖ ሄደ። ስለዚህ ቁጥሩን ስታነቡ 7 ወይም 8 ቀንሱና ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት።

ሌላም አለ። ቀኑ በጎማው ሁለቱም ጎን እንዲጻፍ ግዴታ የለም፤ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው ያለው። ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ስትገዙ ቀኑ ያለበት ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንዳንዴ በአጋጣሚ ነው፤ አንዳንዴ አይደለም። «ገልብጥልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ዕድሜን ይህን ያህል የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ጎማ ቆሞም ያረጃል። የሚያለሰልሰው ዘይት ቀስ በቀስ ይወጣል፣ አየሩና ፀሐዩ ይበሉታል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ከጥርሶቹ መካከል ካለው ቦይ ሥርና ከጎኑ እጥፋት ላይ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ላይ አይታይም። ስለዚህ ጎማው ከመጠን በላይ ካብረቀረቀ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ጎኑን በጉልበታችሁ ጫን ብላችሁ እጥፋቱን እዩ። ትላልቆቹ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይፈተሽ፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውጣ ይላሉ።

ቨርጂኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። ስፖርት መኪና አለው፤ በዕረፍቱ ቀን ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና ውድድር ሜዳ ይሄዳል። እዚያ ማንም ሰው ከፍሎ በገዛ መኪናው በሙሉ ፍጥነት የሚነዳበት ቀን አለ። አንድ ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንተ የጎማ ሰው ነህ፤ ሦስት ጎማ አማርጠውኛል፣ የቱን ልውሰድ?» ዮኮሃማ አድቫን ኤ052፣ ሚሽለን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2፣ ቶዮ ፕሮክሲስ አር888አር። ሦስቱም ለሜዳ የተሠሩ፣ ግን በመንገድም እንዲነዱ የተፈቀዱ ናቸው። ቦያቸው ጥቂት ነው፤ ላስቲኩ በብዛት መሬት ይነካል፣ ስለዚህ ይይዛል። ዝናብ ላይ ውሃው መውጫ ያጣና ያንሳፍፋቸዋል።

ልጁ ሲያማርጥ የነበረው በአንድ ቁጥር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በቤት መኪና ጎማ ጎን ላይ በሚጻፈው የማለቅ ቁጥር። ኤ052 ላይ 200 ይላል፣ ካፕ 2 በብዙው መጠኑ 180፣ አር888አር 100። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይቆያል ማለት ነው፤ 200 ከ100 እጥፍ ይቆያል ተብሎ ይታሰባል። አሁን የውስጡን ልንገራችሁ። ሙከራው የሚደረገው በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሳን አንጀሎ ከተማ አካባቢ ባለ መንገድ ላይ ነው፤ መኪኖቹ ተከታትለው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳሉ፣ የጎማው መበላት 100 ከተባለ መለኪያ ጎማ ጋር ይወዳደራል። ነገር ግን ቁጥሩን ጎማው ላይ የሚጽፈው ራሱ አምራቹ ነው። ስለዚህ የአንዱን አምራች 200 ከሌላው 200 ጋር ማወዳደር አያስኬድም።

በዚያ ላይ የውድድር ክለቦች «ከ200 በታች የተጻፈበት ጎማ በዚህ ምድብ አይገባም» የሚል ደንብ አወጡ። ሐሳባቸው ጥሩ ነበር፤ ውድ ጎማ የገዛ ሁሉ እንዳያሸንፍ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ለስላሳ ሆነው አጥብቀው የሚይዙ፣ ጎናቸው ላይ ግን 200 የሚሉ ጎማዎች መጡ። ኤ052 በዚህ ምድብ የታወቀ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ሱቅ ላይ ግን ማንም የማይነግራችሁ ነገር ይህ ነው።

ለልጁ የመለስኩለት በቁጥሩ አይደለም። «ልጄ፣ ስንት ዙር ነው በአንድ ጊዜ የምትነዳው? ጠዋት ነው ከሰዓት?» አልኩት። ኤ052 ቶሎ ይሞቃል፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይይዛል፣ ሙቀት ሲበዛበት ግን ይለግማል። ለአጭር ውድድር እሱን የሚያክል ጥቂት ነው። ካፕ 2 መሞቂያ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ረጅም ይዘልቃል። የልጁ ፕሮግራም ረጅም ስለነበረ ካፕ 2 ወሰደ። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቅኩት፤ እንዲህ ዓይነቱ ላስቲክ ብርቱ ውርጭ ላይ ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በክረምት ደጅ አይተው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ጎማ የሚመረጠው በሚሠራበት ሙቀት መሆኑን ላሳያችሁ ነው። እኛ ጋ ሜዳ የለም፤ ያለን መንገድ ግን ጎማን ከሜዳው ባላነሰ ይፈትነዋል። ከደሴ ተነሱ፣ ጉጉፍቱን ውጡ፣ በአቀስታ በኩል አድርጋችሁ መካነ ሰላም ግቡ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ውረዱና ጎጃም ተሻገሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የለጋምቦ ደጋ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ በዚያው ቀን ዓባይ ሸለቆ ውስጥ በቆላ ሙቀት ላብ ያጠምቃችኋል። ያው አንድ ጎማ ሁለቱንም ማለፍ አለበት፣ ያውም ጭነት ይዞ። ደሴ ላይ የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ጉጉፍቱ ላይ በከፍታው ብቻ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፤ ቅዝቃዜው ግን ያንኑ ስለሚመልሰው በመውጣቱ አትጨነቁ።

ጭንቁ መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ያልያዘ ሾፌር በፍሬን ይይዛል። የፍሬኑ ሙቀት ወደ ታምቡሩ፣ ከታምቡሩ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ከንፈር ይሻገራል። ጎማው መንገዱ ካሞቀው በላይ ከውስጥ ይጋገራል። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ካላማዳሪው በቫልቮላው ዙሪያ ይለሰልስና ይለቃል። ሸለቆው ሥር ሲደርስ ረዳቱ ጎማውን በእጁ ይነካና እጁን ያራግፋል፤ ከዚያ የሚያደርገው ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ቫልቮላውን ጫን አድርጎ ንፋስ ይቀንሳል።

የእህቴ ልጅ ሜዳ ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ለእሱ ግን ልክ ነው። መኪናው ባዶ ነው፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ይቆማል፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ መልሶ ይሞላል። የእኛ ሚኒባስ ግን ሰው እንደጫነ ከፊቱ የጎጃም ዳገት አለበት። ጠዋት በ60 ፒኤስአይ የተነሳ ጎማ ታች 70 ቢያሳይ 10 ሩ የሙቀት ነው፤ ጎማው ሲሠራ ይህ እንደሚጨመር ታስቦ ነው የተሠራው። 10 ሩን ከቀነሳችሁለት ሲበርድ ወደ 50 ይወርዳል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይበልጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ክሩ ከላስቲኩ ይለያያል። ትኩስ ጎማ አይነካም፤ ቆሞ ይበርድ። ትኩስ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

አሁን ሚኒባስ ላላችሁ ብቻ ጠጋ በሉ። ብዙ የቶዮታ ሚኒባስ የሚጠይቀው ጎማ 195 አር 15 ነው፤ ከመጠኑ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል አለው፣ የጭነት መኪና ጎማ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ 106/104 ይላል። 106 ማለት አንድ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል፣ 104 ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም እያንዳንዱ 900። አሁን በርካሽ የሚመጣ 195/65 አር 15 የሚባል የቤት መኪና ጎማ አለ። ቸርኬው ያው 15 ስለሆነ ይገጥማል። ቁጥሩ ግን በአብዛኛው 91 ነው፣ 615 ኪሎ። በአራት ጎማ ስታሰሉት ከ1,300 ኪሎ በላይ ጎደለ። ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጤፍና ፍየል ጭኖ በሚወርድ መኪና ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልገኝም። በርካሽ አገኘሁ ብሎ የመጣ ሰው ሲኖር ቁጥሩን በጠመኔ ከብቤ አሳየዋለሁ፤ አልገጥምልህም ያልኩት ሰውም አለ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ አስገጠመ።

አይሱዙ ላይ ነገሩ ይለያል። 7.50-16 የሚለው ናይለን ጎማ ነው፤ 7.50 አር 16 የሚለው ራዲያል። ራዲያሉ ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፣ ጥርሱም ረጅም ይቆያል፤ ረጅም ቁልቁለት ላለው መስመር እሱን እመርጣለሁ። ከአጅባር ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት ጠጠር መንገዶች ለሚውል መኪና ግን ናይለኑ ይሻላል፤ ራዲያሉ ጎኑ ስስ ስለሆነ ስል ድንጋይ ይሸነቁጠዋል፣ ጎን የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይጠገንም። ሁለቱን በአንድ አክስል ላይ ከማደባለቅ ግን እግዜር ይጠብቃችሁ። የኋላ ጥንዶቹ ቁመት ሲለያይም ረጅሙ ብቻውን ይሸከማል፣ አጭሩ እየተጎተተ ይበላል፤ ሾፌሩ «ይሄ ጎማ ጥራት የለውም» ይላል።

ከሁሉ የከፋው የተፈለፈለው ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በጋለ ስለት ቦዩ ይቆፈርና ጥልቅ ጥርስ ያለው ይመስላል። የተቆፈረው ግን ክሩን የሚጠብቀው ላስቲክ ነው። በትልልቅ የጭነት መኪና ጎማዎች ላይ ለዚሁ ተብሎ ወፍራም ሆነው የተሠሩ አሉ፣ ጎናቸው ላይም ይጻፋል፤ የቤት መኪናና የሚኒባስ ግን በጭራሽ። መለያውን ልንገራችሁ። በቦዩ ውስጥ አለፍ አለፍ እያሉ የተቀመጡ ትናንሽ እብጠቶች አሉ፣ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር። ጥርሱ እነሱ ጋ ሲደርስ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ እብጠቶቹ ከጠፉ ወይም መሃላቸው ከተቆረጠ ስለት ገብቶበታል። ጣታችሁን ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ ዙሩት፤ የፋብሪካ ቦይ ሥሩ ለስላሳና ክብ ነው፣ የተፈለፈለው ሻካራ ነው፣ ማዕዘን አለው።

ሁሉም ሰው የሚረሳው ስኮርታውን ነው። አራቱ ጎማ ሲቀየር እሱ አይቀየርም፤ ከመኪናው ጋር የመጣው እዚያው ከሥር ተንጠልጥሎ አቧራና ጭቃ ሲጠጣ ይኖራል። ጥርሱ ያልተነካ ስለሆነ ሾፌሩ ይተማመንበታል። የሚፈለገው ደግሞ በአብዛኛው ሌላው በፈነዳበት፣ ሙቀቱና ጭነቱ በበረታበት ቦታ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ከመውረዳችሁ በፊት አስወርዱት፣ በጨርቅ አስጠርጉት፣ 4ቱን አኃዞች ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ፣ ንፋሱን አስለኩ። 10 ዓመት ካለፈው መናኸሪያው አጠገብ ላለ ማንኛውም ጎሚስታ ስጡና በደህና ጎማ ቀይሩት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።