ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ተራ አጠባበቅ

የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ከደጋው ወርደው ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲያልፉ፥ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሽንኩርቱንና ፍራፍሬውን ያጠጣሉ። በበጋ ውኃው ባነሰ ጊዜ ገበሬው ሁሉ ባንድ ቀን ቦይ ልክፈት ቢል ጠብ ይነሣል፤ ስለዚህ የውኃ አባት ተመርጦ ለያንዳንዱ ተራውን ይነግረዋል። ተራ በታወቀበት ቦይ ውኃ ባይበዛም ክስ አይበዛም።

የኤሌክትሪክ መስመርም እንደ ቦይ ልክ አለው። ልዩነቱ፥ በቦዩ የሚያስቸግረው የውኃው ማነስ ሲሆን በዚህኛው የሚያስቸግረው የኃይሉ መብዛት መሆኑ ነው። ባለ እርሻዎች በፀሐይ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቢተክሉ፥ ማሳው ውኃ በማያሻው ሰሞን የተረፈውን ኃይል ለመስመሩ መሸጥ ይወዳሉ። ሁሉም በቀትር ባንድነት ቢሰዱት ግን ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ቮልቴጁም ከፍ ብሎ የጎረቤትን ዕቃ ያበላሻል።

የተለመደው አሠራር፥ መስመሩ በክፉ ቀን የሚችለውን ያህል ብቻ አስገብቶ የቀረውን አዲስ መስመር እስኪዘረጋ መመለስ ነው። በዚህም ለጥቂት ሰዓት መጨናነቅ ሲባል የዓመቱ ፀሐይ በከንቱ ይቀራል።

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት በኦርክኒ ደሴቶች በ2002 ዓ.ም. ሌላ ዘዴ ተጀመረ። ከባሕር በታች ያለው መስመር ልኩ ሞልቶ ስለ ነበር፥ አዲስ የነፋስ ተርባይን የሚተክሉት መስመሩ በሞላ ጊዜ ኃይላቸውን ሊቀንሱ ተዋውለው ገቡ። መሣሪያ መስመሩን እየለካ ትእዛዙን ይሰጣል፤ አስቀድሞ የሚቀንሰውም መጨረሻ የገባው ነው። በዚህም አዲስ የባሕር መስመር ሳይጠበቅ ብዙ ተርባይን ሊገባ ቻለ።

ሆኖም ጉዳቱ በኋለኛው ላይ ይወድቃል። ተበድሮ የተከለ ሰው ቀኑን ሁሉ ቢታገድ ዕዳውን በምን ይከፍላል?

በአገራችን በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ኃይል አመንጭቶ መሸጥ ፈቃድ ያሻዋል። ፈቃዱን መስጠት የወረዳ ሹም ሥራ ባይሆንም ምክር የሚጠየቀውና አቤቱታ የሚሰማው እርሱ ነው። ስለዚህ ባለ እርሻው ከመፈረሙ አስቀድሞ የመቀነሻው ተራ በጽሑፍ እንዲታወቅ፥ በዓመት ስንት ሰዓት ሊታገድ እንደሚችል እንዲነገረው፥ የመሣሪያውም መዝገብ ለባለ ውሎች ሁሉ ክፍት እንዲሆን ማሳሰብ ይገባል። ባለ እርሻውም በታገደበት ሰዓት ውኃ ወደ ከፍተኛ ገንዳ ቢያወጣበት፥ ማታ ያለ ሞተር ያጠጣበታል።

ተራ ውኃው ሳይመጣ ካልተወሰነ በቦዩ ዳር የሚወስነው ጉልበት ነው፤ የኤሌክትሪኩም ነገር ከዚህ አይለይም።