የዋሽንግተኑ ባለሱቅ

ሰሞኑን እዚህ ሐይቅ ከተማ አንድ መጽሐፍ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ይሁን እንጂ በሠርግም በመቃብርም አያልቅም። ዲናው መንግሥቱ በ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሲሆን ርዕሱ ባማርኛ ሲመለስ «ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች» እንደ ማለት ነው፤ ከጣልያናዊው ባለቅኔ ከዳንቴ የተወሰደ ነው። ደራሲው አዲስ አበባ ተወልዶ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ አሜሪካ ሄደ።

ሴፋ እስጢፋኖስ (ስሙ ገዳማችንን ቢያስታውስ ግጥምጥሞሽ ነው) በዋሽንግተን ከተማ፣ ሎጋን ሰርክል በሚባለው ሰፈር፣ የተጎሳቆለች ሱቅ ይዞ ይኖራል። ካገሩ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖታል። ሲመቸው ከኬንያዊው ከኬኔትና ከኮንጎው ከዮሴፍ ጋራ ይጫወታል፤ አንዱ ያንድ አፍሪካዊ አምባገነን ስም ሲጠራ ሌሎቹ አገሩንና መንግሥት የገለበጠበትን ዓመት ይመልሳሉ። ያስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ከዚያ ጁዲት የምትባል ነጭ የታሪክ ፕሮፌሰር በሰፈሩ አሮጌ ቤት አሳድሳ ትገባለች። ከሞሪታንያዊ የወለደቻት ናኦሚ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ አለቻት። ሴፋና ናኦሚ በሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የሚያነቡበት ክፍል፣ በኔ አስተያየት፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል። እናቲቱን ደራሲው እንደ ልጅቱ አድርጎ አልሳላትም። ባለሱቁም የወደደው ሴቲቱን ብቻ አይደለም፤ ያንን የንባብ ሰዓት ጭምር ነው።

ታዲያ ምን ከለከለው? የቀለምና የገንዘብ ልዩነት አለ። የሰፈሩም ጠብ አለ፤ ድኾች ከቤታቸው ሲነቀሉ ቅሬታው በጁዲት ላይ ወረደ፣ መኪናዋ በጡብ ተመታ፣ በመጨረሻም ቤቷ ተቃጠለ። ዋናው ግን ሌላ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች የነሴፋን ቤት ፈትሸው የተከለከለ ወረቀት አገኙ። ወረቀቱ የልጁ ነበረ፤ አባቱ ግን የራሳቸው መሆኑን ተናግረው ተወሰዱ። እንዲህ ያለ ሰው ሲወደድ ይሸማቀቃል፤ ደስታ በመጣ ቁጥር ያባቱን ድርሻ የሰረቀ ይመስለዋል። ስለዚህ እጁን ሊዘረጋ ይልና መልሶ ያጥፈዋል።

ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ከሐይቅም ከአምባሰልም ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ወጣት ብዙ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ስለ ደመወዙ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። ስለ መንገዱ ሲጠየቅ «ደኅና ነበር» ብሎ ሲኒውን ያስቀምጣል። ሴት ከሆነች ጭምት ሆና መጣች ተብሎ ትመሰገናለች፤ ቶሎም ለትዳር ትጣደፋለች። የአምባሰልን ቅኝት የወለደ አገር ትካዜን ማዜም ያውቅበታል፤ ከተከዘው ሰው ጋራ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ሌላ ሙያ ነው። ሴፋን ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከራሱ ጋራ ያስታረቀው ምክር አልነበረም፤ አንዲት ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ሲያነብ ማዳመጧ ነው።

በመጨረሻ ጁዲትና ናኦሚ ሄደዋል፤ ዕዳው እንዳለ ነው። ሴፋ ጥሎት የወጣውን ሱቅ ከሩቅ ቆሞ ይመለከተዋል።