«ከቤትዎ ሳይወጡ» የሚለው ማስታወቂያና የእህቴ ሐሙስ

ታላቅ እህቴ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን ተከናንባ ከቤት ትወጣለች። «ወዴት?» ካሏት መልሷ «እግሬን ላፍታታ» ነው። ባህር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ካለው ቤቷ ተነስታ ጣና ዳር ትወርዳለች። ከዛፎቹ ሥር ቦታ መርጣ ትቀመጥና ኢርፎኗን በነጠላዋ ሥር ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ይጠራል። የምትደውለው አዲስ አበባ ያለች የሥነ ልቦና አማካሪ ነች። አላፊ አግዳሚው ግን አረብ አገር ካለች ዘመዷ ጋር የምታወራ ነው የሚመስለው።

እኔ ራሴ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ።

ሁለት ልጆች አሏት፤ የስድስትና የሁለት ዓመት። ባሏ ሥራው ከከተማ ውጭ ስለሆነ መንገድ ሲዘጋ ሳይመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። አማቷ አብረዋቸው ይኖራሉ። ከቢሮ ስትመለስ ቤት የሚጠብቃት ሌላ የሥራ ቀን ነው። በትልቁ ልጅ ላይ መጮህ ጀመረች፤ ከጩኸት ወደ ቁንጥጫ፣ ከቁንጥጫ ወደ ኩርኩም። «እጄ መቼ እንደተነሳ አላውቀውም» አለችኝ። ከሁሉም በላይ የሰበራት ግን አንድ ማታ የሆነው ነው። ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ፊቷን ሲያጠና ቆየና «ዛሬ ደህና ነሽ?» አላት። «አዎ» ስትለው ነው ሮጦ ያቀፋት።

እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ መሄጃው ይታወቃል፦ ጎረቤት ቡና ላይ፣ የንስሐ አባት፣ ሽማግሌ። አልንቃቸውም፣ ስንቱን ቤት አቁመዋል። ግን ሁሉም እሷን ያውቋታል፣ አማቷንም ያውቋቸዋል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። «እዚያ በር ላይ ያየኝ ሰው ምን ይላል?» አለችና ተወችው። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት የአማካሪዋን ቁጥር በቴሌግራም የላከችላት።

ያው ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መጀመሪያ ያሰላሁት ዋጋውን ነበር። አዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ ከሥራ የቀረችበት ቀን፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው... ይህ ሁሉ በአንድ የስልክ ጥሪ ሲቀር፣ በቃ ችግሩ ተፈታ አልኩ። ተሳስቼ ነበር። አንድ ነገር ከሒሳቡ ዘልያለሁ፦ የሚወራበት ክፍል።

የእነዚህ አገልግሎቶች ማስታወቂያ «ከቤትዎ ሳይወጡ» ይላል። እህቴ ግን ለመናገር የግድ መውጣት ያለባት ከቤቷ ነው! ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ መሐሉን የከፈለው ኮምፖርሳቶ ነው። አማትሽ ሳሎን ቁጭ ብለው ስለ አማትሽ እንዴት ታወሪያለሽ? መጀመሪያ ሽንት ቤት ገብታ ሞክራ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጆቹ በሩን ደበደቡት። ሌሊት በሹክሹክታ ሞከረች፣ ትንሹ ነቃ። በጽሑፍ ይሁን ብለው ጀመሩ፤ ግን ስልኳን ልጆቹም ሌላውም ሰው ይነካዋል፣ ጽፋ ስታጠፋ ስታጠፋ ዋናው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል። በመጨረሻ ጣና ተገኘ።

የክፍል እጥረት የእኛ ብቻ አይደለም። ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ሲጀምር ክሊኒኩ ውስጥ የሚሰጠው ክፍልም ባለሙያም አልነበረም። ያሉት 14 አያቶች ነበሩ። አሠለጠናቸውና ከክሊኒኩ ውጭ፣ ደጅ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። «የወዳጅነት ወንበር» የሚባለው ይኸው ነው። ሕመሙን የሚጠሩበት የሾና ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ትርጉሙ «ሐሳብ ማብዛት» ነው፤ እናቶቻችን «ሐሳብ አበዛች» እንደሚሉት ማለት ነው። በ573 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው እንደነበር ያሳያል።

በስልክ ለማያውቁት ሰው ገመናን መናገርም ለእኛ አዲስ አይደለም። «ወገን» የተባለውን የ952 ነጻ መስመር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ቤተሰቡ ፊት «ኮንዶም» ማለት የማይደፍር ሰው ስሙን ሳይናገር ስለ ኤችአይቪ የሚጠይቅበት መስመር ነበር።

እህቴ ከጀመረች ብዙም ሳትቆይ፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ጭንቀቱ የባሰው ያኔ፣ ቴሌግራሙም የጠፋው ያኔ። አማካሪዋ ሳምንት ሙሉ ስትሞክር ቆይታ በተራው የስልክ መስመር ደወለች። ቪዲዮ የለም፣ ድምፁም ይቆራረጣል፣ ግን ሠራ። እስካሁንም በዚያው ናቸው። ለዚህ ነው አዲስ አፕ ሠራን የሚሉ ጓደኞቼን አንድ ነገር የምጠይቃቸው፦ ዳታ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ምክሩ ምን ነበር ካላችሁ፣ ሲሰሙት ተራ ነው። በሩን ከመክፈትሽ በፊት ቆም ብለሽ ተንፍሺ። ንዴቱ ሰውነትሽ ላይ የት እንደሚጀምር አስተውዪ፤ የእሷ መንጋጋዋ ላይ ነው የሚጀምረው። ለትልቁ ልጅ በየቀኑ ስልክሽን አስቀምጠሽ ጥቂት ደቂቃ ለብቻው ስጪው። ይህ የመጨረሻው በኮሮና ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለወላጆች ካወጧቸው ምክሮች ውስጥም አለ። ልዩነቱ በሚቀጥለው ሐሙስ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው። ኩርኩሙ ቀርቷል። ጩኸቱ፣ እሷው እንዳለችው፣ «በግማሽ»።

ኧረ ግን ተጠንቀቁ። ቲክቶክ ላይ የሚያምር ነገር የተናገረ ሁሉ አማካሪ አይደለም። ምን እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣ የምትነግሩትን እንዴት በሚስጥር እንደሚይዝ ጠይቁት፤ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ። ራስን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሐሙስን አይጠብቅም፤ አብሮት ሰው ሆኖ ሆስፒታል ይሂድ። ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ ደግሞ፣ ከማን ጋር እንዳወራች የሚያሳየው የጥሪ ዝርዝር ብቻውን አደጋ ነው።

ጣና ዳርም ቢሆን ክረምት ሲገባ አያስቀምጥም። አምና ሐምሌ ላይ አንዴ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ ውስጡ ሆና ለማውራት ሞከረች። ሹፌሩ ሲያዳምጥ ቆይቶ የራሱን ምክር ጨመረበት። (ክፉ ምክር አልነበረም አለች።) በሳምንቱ ደወለችልኝ፦

«አንተ፣ ሐሙስ 11 ሰዓት ቤትህ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

የተከራየኋት አንድ ክፍል ናት፣ አልጋና ጠረጴዛ። ቁልፉን ከወንበሩ ሥር አስቀምጥላትና ጃንጥላዬን ይዤ ማዶ ያለው ካፌ እገባለሁ። አንድ ማኪያቶ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር «ጨረስኩ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። አንዳንዴ ይዘገያል፤ ያኔ ሦስተኛ አዛለሁ።