ጥድን ከውስጥ የሚያደርቀው ክሽክሽ

የጥድ አጥር ከውስጥ በኩል መቅላት ሲጀምር ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው ምክንያት የውሃ እጥረት ነው። አንዳንዱ ፀሐይ መታው ይላል፤ ሌላው ምስጥ ሥሩን በልቶት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ባለቤቱም ዝናብ እስኪጥል ይጠብቃል። ዝናቡ ጥሎ ሌላው ተክል ሁሉ ሲያገግም ጥዱ ግን እንደቀላ ይቀራል። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ የጎረቤት አጥር ይከተላል። እንዲህ ያለ ምልክት በታየበት ቀበሌ የገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ወደ ቅርንጫፉ ቀርበው ሊፈልጉት የሚገባ አንድ ተባይ አለ። እርሱም የጥድ ክሽክሽ ነው።

ክሽክሽ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። በአተር፣ በገብስና በጎመን ላይ የሚወርደውን ዓይነት ሁሉም ያውቀዋል። የጥዱ ክሽክሽ ግን ሰብል አይነካም። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ መልኩ ቡናማ ሆኖ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሲሆን፣ ከቅጠሉ ሥር ተሸሽጎ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ በመንጋ ይሰፍራል።

አመጣጡ

ይህ ተባይ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። የትውልድ አገሩ ከግሪክ ምሥራቅ ተነሥቶ እስከ ካስፒያን ባሕር ደቡብ የሚዘልቀው አካባቢ እንደሆነ የዘርፉ ባለሙያዎች ይገልጻሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በማላዊ ከታወቀ በኋላ በታንዛንያ በ1988፣ በዩጋንዳና በሩዋንዳ በ1989፣ በኬንያ ደግሞ በ1990 ተገኘ። በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው በ2003 ነው።

በአጥር፣ በነፋስ መከላከያና በጣውላ ደን መልክ በየቦታው የተተከለው የፈረንጅ ጥድም ራሱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። እንግዳው ተባይ እንግዳውን ዛፍ በሰፊው ተተክሎ አገኘው። በትውልድ አገሩ ቁጥሩን የሚቀንሱት ጠላቶቹ ግን አብረውት አልመጡም። ጉዳቱ የከፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በፈረንጅ ጥድ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። በማላዊ፣ እሳትና ሕገወጥ ቆረጣ ያመናመኑትን የሙላንጄ ተራራ አገር በቀል ዛፍ ይኸው ክሽክሽ ተጨምሮበት ጎድቶታል። በኢትዮጵያ የሚያሰጋው የሐበሻ ጥድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢና በተረፉት የደጋ ደኖች ያለው ይህ ዛፍ ከተባዩ ምግቦች አንዱ ነው። ስለዚህ እንደ መናገሻ ሱባ ሁለቱ የጥድ ዓይነቶች ተቀራርበው በሚገኙባቸው ቦታዎች ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። የፈረንጅ ጥድ አጥር ቢጠፋ በጥቂት ዓመታት ይተካል፤ አያቶች ያቆዩትን የሐበሻ ጥድ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ መተካት አይቻልም።

እንዴት ይጎዳል?

ክሽክሹ የለጋውን ቅርንጫፍ ልጥ ወግቶ ፈሳሹን ይመጣል። በሚመጥበትም ጊዜ የሚተፋው ምራቅ ዛፉን ይመርዘዋል። ስለሆነም ቅጠሉ በመጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ድርቀቱ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው አጥሩ ጤነኛ ይመስላል። ተባዩ የሚያንጠባጥበው ማር መሰል ፈሳሽ ጉንዳን ይስባል፤ በላዩም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል።

በአፍሪካ የሚታየው የጥድ ክሽክሽ ሴት ብቻ ነው። ያለ ወንድ ስለሚወልድ አንዲቷ ብቻዋን መንጋ ልታስነሳ ትችላለች። ሙቀት ሲመቸው አዲሱ ትውልድ አንድ ወር ሳይሞላ ለመውለድ ይደርሳል። ክንፍ የሚያወጡት ደግሞ በነፋስ ወደ ሌላ ዛፍ ይሻገራሉ። ቅጠሉ ጨርሶ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ እንደ ባሕር ዛፍ ዳግም ስለማያቆጠቁጥ ዘግይቶ መድረስ ትርፉ ጉቶ መንቀል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ምን መደረግ አለበት?

የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ጨርቅ ወይም ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ክሽክሽ ካለ በነጩ ላይ ረግፎ ይታያል። ማኅበሩ በየጎጡ አንድ አንድ ሰው መድቦ በተለይ በበጋ ወራት አጥሮችን፣ የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ዛፎችን እንዲህ ቢያስፈትሽ ወጪ አይጠይቀውም። ምልክቱ ሲገኝ ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ወዲያውኑ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ የተያዘውን ቅርንጫፍ ገና ጥቂት ሳለ መልምሎ እዚያው አካባቢ፣ ከደን ራቅ አድርጎ ማቃጠል ነው። እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ ለገና በዓልም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከተያዘ አካባቢ ወደ ሌላ ቀበሌ መውሰድ ተባዩን ተሸክሞ እንደ ማድረስ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ችግኝ ነው። ችግኝ ጣቢያ ያለው ማኅበር ከክረምቱ እደላ በፊት እያንዳንዱን መደብ መመርመር፣ ክሽክሽ የታየበትንም ችግኝ ከጣቢያው አለማስወጣት ይገባዋል። በጥቂት ችግኞች ላይ የታየ ክሽክሽ ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ ታጥቦ ሊወገድ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት ለመርጨት አለመቸኮል ነው። ረጃጅም ዛፎችን ረጭቶ ማዳረስ አይቻልም፤ ቢቻልም መድኃኒቱ ክሽክሹን የሚበሉትን ጢንዚዛዎችና ንቦችን ጭምር ይጨርሳል። በማላዊ የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር። ባለሙያዎች የክሽክሹን ጠላት የሆነች ትንሽ ተርብ ከአውሮፓ አምጥተው ካራቡ በኋላ በ1994 በደኖች ውስጥ ለቀቋት። ተርቧ እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም እጭ ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። በዚህ ዘዴ ተርቧ በዚያው ተለምዳ የክሽክሹ ጉዳት ቀንሷል። እንዲህ ያለው ሥራ የምርምር ተቋማት ድርሻ ነው። የገበሬው ድርሻ አብጦ የደረቀና ጀርባው የተበሳ ክሽክሽ በቅርንጫፍ ላይ ሲያይ ወዳጅ ተርብ ሥራ ላይ መሆኗን አውቆ ያንን ቅርንጫፍ መተው ነው።

አራተኛው፣ ወደፊት የሚተከለውን ማሰባጠር ነው። ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ጥድ ብቻ የቆመበት አጥር ለተባዩ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ወይራ፣ ዝግባ፣ አጋምና ቀጋ በመካከሉ ቢገቡ ተባዩ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገርበት መንገድ ይቆረጣል። ጥድ ለመትከል ዘር ሲለቀምም ሌሎቹ በደረቁበት አጥር ውስጥ ለምለም ሆኖ የቆየውን ዛፍ መምረጥ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ዛፍ በተፈጥሮው ከሌላው የተሻለ ይቋቋማልና።

በአንድ ግቢ የተደረገ ጥንቃቄ ጎረቤቱ ካልደገመው ብዙም አይዘልቅም። ጉዳዩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ለቀጣዩ ክረምት ችግኝ ከመታደሉ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መድቦ የቀበሌውን ጥዶች ዞሮ ማየት ለጅምሩ ይበቃል።