ቅጠልን ከሥር መጠበቅ

በራያ ቆላ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ደግሞ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ቲማቲምን ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ አልተርናሪያ ሶላኒ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው ነው። ከታችኛው ቅጠል ይጀምርና ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ቅጠሉን ያረግፋል። ይሄኔ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ርጭት ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ የማነሳው ተክሉን ስለሚረዳ ሌላ ፈንገስ ነው።

ማይኮራይዛ ይባላል፤ ስሙን ጀርመናዊው አልበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣለት ሲሆን "ፈንገስና ሥር" እንደማለት ነው። ፈንገሱ ሥር ውስጥ ይኖራል፤ በቀጫጭን ክሮቹ ፎስፈረስ ከአፈር ያመጣል፣ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል።

ታዲያ ሥር ውስጥ ያለ ነገር ቅጠልን እንዴት ያድናል? ፈንገሱ ሲገባ ተክሉ መጀመሪያ እንደ ጠላት ቆጥሮት መከላከያውን ያነሳል። ኋላ ሲላመዱ መከላከያው ይበርዳል፤ ንቃቱ ግን በመላ አካሉ ይቀራል። በሽታ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ በጃስሞኒክ አሲድ የሚመራው መከላከያ ፈጥኖና በርትቶ ይነሳል። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በፈንገሱ ክሮች ከተገናኙ ቲማቲሞች አንዱ በአልተርናሪያ ሲያዝ ጤነኛው ጎረቤቱም መከላከያውን አንስቶ ተገኝቷል።

ይህ ሲባል ፈንገሱ የሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። በይበልጥ የሚረዳው ሕዋስን ገድለው በሚመገቡ በሽታዎች ላይ ነው። በሕያው ሕዋስ ላይ በሚኖሩት፣ ለምሳሌ በአመዳይ መሰሉ የቅጠል በሽታና በቫይረስ ላይ፣ ላይጠቅም አልፎም ሊያባብስ ይችላል።

ሌላው ነገር አያያዙ ነው። ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር አያድግም፤ ደጋግሞ ማረስ ክሮቹን ይበጣጥሳል፤ ፎስፈረስ ከመጠን በላይ ሲበዛም ተክሉ አይፈልገውም። ጎመን ጨርሶ አያስተናግደውም፤ ማሽላና ሽንኩርት ግን በደንብ ያኖሩታል። ስለዚህ ከቲማቲም በፊት ምን ተዘራ የሚለው ጥያቄ የቅጠል በሽታም ጥያቄ ነው።

ርጭት ለገበሬው ወጪ ነው፤ ያለ ጓንትና ጭንብል ለሚረጨው ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። እንግዲህ ለመስክ ልምምድ ወደ ቆቦ ስንወርድ የታመመ ቅጠል ብቻ ለቅመን አንመለስ። ሥሩንም ቆፍረን እናውጣ፤ ቀለም አስይዘን በማይክሮስኮፕ እንየው።