የምንተነፍሰውን አየር ማን ይለካልናል?

የምንበላው ሐላል መሆኑን እንጠይቃለን፤ ንጹሕ መሆኑንም እናያለን። የምንጠጣውን ውሃ ከተጠራጠርን እናፈላዋለን። አንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። በዚያ አየር ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከአየር ብክለት ሁሉ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ፒ ኤም 2.5 የሚባለው ረቂቅ ብናኝ ነው። ከመኪና ጭስ፣ ከማገዶ፣ ከሚቃጠል ቆሻሻና ከፋብሪካ ይወጣል። ውፍረቱ ከአንድ የፀጉር ዘለላ 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ በሳልም አይወጣም፤ ሳንባን ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። አስምና የሳንባ ምች ብቻ ሳይሆን የልብ ሕመምና ስትሮክም ከእርሱ ጋር የተያያዙት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«ጭስ ከሌለ አየሩ ንጹሕ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። ይህ ብናኝ የሚታወቀው በመሣሪያ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት መሣሪያ አየሩን በፓምፕ እየሳበ በቀጭን የማጣሪያ ጥቅልል ላይ ያሳልፋል። ከዚያም በጥቅልሉ ላይ ጨረር ይለቃል፤ ብናኙ በበዛ መጠን የሚያልፈው ጨረር ይቀንሳል። በየሰዓቱ ውጤቱ ይታወቃል ማለት ነው።

መለካት ምን ይጠቅማል ለምትሉ ቻይናን እንመልከት። እስከ 2012 ድረስ በአገሪቱ የአየር ደረጃ ውስጥ ፒ ኤም 2.5 አልነበረም። ቤጂንግ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ግን ከ2008 ጀምሮ በግቢው እየለካ ለሕዝብ ያሳውቅ ስለነበር ብዙ ክርክር አስነሣ። በ2013 መጀመሪያ 74 ከተሞች በየሰዓቱ ማሳወቅ ጀመሩ፤ በ2015 ከተሞቹ 338፣ ጣቢያዎቹም ከ1,400 በላይ ደረሱ። የቤጂንግ የዓመት አማካይ በ2013 ወደ 90 ማይክሮግራም ገደማ ነበር፤ በ2021 ወደ 33 ወረደ። አየሩን ያጸዳው መሣሪያው አይደለም፤ የድንጋይ ከሰል ምድጃዎች መዘጋታቸውና የመኪና ደንብ መጥበቁ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በየሰዓቱ በሕዝብ ፊት ባይቀመጥ ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ ማን ይደፍር ነበር?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲም ከ2016 ጀምሮ ልኬቱን ይፋ ያደርግ ነበር። የታየውም መጠን ከዓለም ጤና ድርጅት ምክር በበርካታ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን መረጃ ለሕዝብ ማቅረብ አቆመ። የራስን አየር ሌላ እንዲለካልን መተው ይኸው ነው ጉዳቱ።

ጣቢያ ማብዛት መሣሪያ ገዝቶ መስቀል ብቻ አይደለም። መብራት ሲቋረጥ ልኬቱ ይቋረጣል፤ የማጣሪያ ጥቅልሉ ሲያልቅ መተካት አለበት፤ ትክክለኛነቱን በየጊዜው የሚፈትሽ ባለሙያም ያስፈልጋል። አንድ ጣቢያ ለመርካቶም ለቦሌም ሊናገር አይችልም። ለዚህ ዑጋንዳ ጥሩ ትምህርት አላት። በካምፓላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ «ኤርኮ» የተሰኘው ቡድን ከ2015 ጀምሮ ርካሽ መለኪያዎችን ራሱ እየሠራ በየሰፈሩ፣ በሞተር ብስክሌት ላይ ሳይቀር ይተክላል። ርካሾቹ በእርጥበት ስለሚሳሳቱ ከትልቁ መሣሪያ ጎን ቆመው መስተካከል አለባቸው። ቢሆንም አንድ ውድ ጣቢያ ብቻ ይዞ ከመቀመጥ ይህ መንገድ ለእንደኛ ላለ አገር ይሻላል ብለን እናምናለን።

የመንገዱ ጣቢያ የማያየው ቦታ ደግሞ አለ፤ ኩሽናችን! የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እንጀራ ስትጋግሪ የምታነቢ እህቴ፣ መስኮትና በር ክፈቺ፤ ሕፃኑን አዝለሽ ምጣድ ፊት አትቀመጪ። እርጥብ እንጨትና ፌስታል አታንድጂ። እንደ ምርጥ ምድጃ ያሉ እሳቱን የሚከልሉ ምድጃዎች ማገዶም ጭስም ይቀንሳሉ። በረመዳን ሳምቡሳ ሲጠበስና ሾርባ ሲፈላ ኩሽናው ለሰዓታት ስለሚጨስ ሥራውን ተከፋፈሉት፤ ወንዶቹም ጭምር።

ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ብዙዎች ይዘናጉበታል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላልም። ለብርድ ብላችሁ ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡት። ዕጣንም ቢሆን ጭስ ነውና አስም ያለበት ሰው በተኛበት ክፍል አይጨስ። በደረቁ ወራት ማለዳ ላይ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን ወደ መሬት አፍኖ ይይዘዋል፤ አስም ያለባችሁ ከሱብሒ ሶላት ስትመለሱ ትልቁን የመኪና መንገድ ትታችሁ በውስጥ ለውስጥ ሂዱ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁንም የሚሳብ መድኃኒት በኪሳችሁ ያዙ።