እንቁላሏን ይዛ የምትወጣ ዓሣ

በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር የኖረው የዓሣ ቋንጣ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን እናውቃለን? አንዱ ምንጩ ጣና ነው።

በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ወንዞች ስቲልሄድ የተባለው ዓሣ በጸደይ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዝ ይወጣል። የጣና ነጭ ዓሣም እንዲሁ ነው። ከዝርያዎቹ በርካቶቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ጉማራንና ርብን በመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበት ጥሩ ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር አይገኙም።

ችግሩም የሚመጣው በዚሁ ወቅት ነው። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያፍሳል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን የሚመርዝም አለ። ነገር ግን አብሮ የሚጠፋው የመጪዎቹ ዓመታት ዓሣ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በንግድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ውድ እናቶች፣ ገዢ ከሌለ መረቡም አይዘረጋም። በነሐሴና በመስከረም ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልን እንለፈው። አጥማጁም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉትና በሌላው ወቅት ከእርሱ እንግዛ። የእኛም ሆኑ የእርሱ ልጆች ነገ ዓሣ የሚያገኙት እንዲህ ስናደርግ ነው።